ውሃው እኛ ቤት እንዲገባ የተወሰነ ዕለት

እኔ በሙያዬ ብሎን ነዳፊ ነበርሁ። ሲናገሩት ያሳፍራል እንጂ እውነቱ ይኸው ነው። ባሕር ዳር ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ማሽን በተሰበረ ቁጥር የተሰበረውን ዕቃ ለክቼ፣ በወረቀት ላይ ነድፌ ለብረት ሥራ ክፍል አቀብል ነበር፤ እነሱም ንድፌን በጥንቃቄ አይተው የማይገጥም ዕቃ ይሠሩ ነበር። በዕድሜዬ ከነደፍሁት ሁሉ ትልቁ ነገር የአንድ መፍተያ ማሽን ጥርስ ነው፤ እሱም መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ጣናን ያህል ነገር ወረቀት ላይ አስቀምጥ ስባል ልሸሸግ ብሞክር አትፍረዱብኝ።

ነገሩ የተጀመረው ሰኔ ላይ በአንድ እሑድ ነው። በደርግ ዘመን እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ቀን ነበር። የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል፤ ስሙ የተያዘ ሰው ደግሞ የሕብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና እንዳማረው ይቀራል። ስለዚህ የእኛ ሠፈር ሰው ታሞም፣ ተኳርፎም፣ አራስ ቤት ሆኖም ቢሆን ከስብሰባ አይቀርም። ባለቤቴ ጽጌ ሹራቧን ይዛ ነው የምትመጣው። የደሴ ልጅ ናት፤ ለነገር አትቸኩልም። “አንድ ስብሰባ አንድ እጅጌ ነው” ትላለች፤ ስለ ዓለም አቀፍ ሁኔታ የተነገረ ዕለት ግን ከነአንገትጌው ጨርሳው ተነሥታለች።

ሊቀ መንበራችን ጓድ ጌጡ ከአብዮቱ በፊት ብስክሌት አዳሽ ነበር። ጎማ መንፋት ስለለመደ ነው መሰል፣ ትንሽ ነገር እጁ ከገባች እስክትወጠር ድረስ ይነፋታል። ክፉ ሰው አልነበረም። ብቻ ከበላይ ደብዳቤ የመጣለት ዕለት ድምፁ ይለወጣል። ያን እሑድም ድምፁ ተለውጦ ነበር።

“በየክረምቱ ውሃ የሚደርስባቸው ቦታዎች፣ በሰፊው ሕዝብ ተሳትፎ ተለይተው፣ በካርታ ተነድፈው በአስቸኳይ ይቅረቡ” ብሎ አነበበ። ሌላ ምንም የለውም። ካርታው ለምን እንደተፈለገ፣ ውሃ የሚደርስበት ሰው ምን እንደሚደረግ አንዲት ቃል አልተጻፈችም።

እኔ “ተነድፈው” የምትለውን ስሰማ አንገቴን ወደ ኮቴ ውስጥ ሰበሰብሁ። አልጠቀመኝም። ሠፈሩ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

“ጓድ ነዳፊ!” አለ ጌጡ።

“እኔ እኮ ብሎን ነው የምነድፈው፣ ጓድ ሊቀ መንበር።”

“ብሎን የነደፈ እጅ ሐይቅ አያቅተውም። ብሎን ጥርስ አለው፤ ሐይቅ ጥርስ የለውም።”

በጭብጨባ ጸደቀ። እኔም አጨበጨብሁ።

ሌሊቱን ሳስብ አድሬ ጠዋት አንድ መላ መጣልኝ፤ ዛሬ ሳስበው ባይመጣልኝ ይሻል ነበር። ከፋብሪካ መልስ ቤት ለቤት እዞራለሁ፤ ባለቤቱ ባለፉት ክረምቶች ውሃው እስከ የት እንደደረሰ በግድግዳው ላይ ያሳየኛል፤ እኔ እዚያው ላይ በቀለም መስመር አሰምራለሁ፤ ኋላ መስመሮቹን ሰብስቤ ወደ ወረቀት አዛውራለሁ። ከዚህ የበለጠ የሕዝብ ተሳትፎ ከየት ይመጣል? ቀለም ስጠይቅ ቀበሌው ያለው የመፈክር ትራፊ ቀይ ብቻ ሆነ። ቀዩን በቆርቆሮ ይዤ፣ ብሩሼን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድሁት እትዬ አንጓች ዘንድ ነው። እትዬ አንጓች ሐይቁ ዳር ጠላ እየሸጡ ያረጁ ባልቴት ናቸው፤ እሳቸው የማያውቁት ውሃም ሰውም በሠፈሩ የለም።

“ውሃው እስከ የት ይደርሳል እትዬ?”

“ለምንህ ነው?”

“ለካርታ።”

“ካርታ ምን ያሰጣል?”

“እኔ እንጃ፤ ከበላይ የታዘዘ ነው።”

ትንሽ አሰቡ። ዓይናቸው ቀስ እያለ ወደ ሣር ክዳናቸው ወጣ። “ቆርቆሮ ነው” አሉ ለራሳቸው። “ቆርቆሮ ሊያለብሱን ነው።” ከዚያ በእግር ጣታቸው ቆመው የበሩን ጉበን ነኩ። “እዚህ ድረስ።”

“እትዬ፣ ይህ እኮ ከእኔ ቁመት በላይ ነው።”

“አንተ አጭር ነሃ ልጄ! ውሃው ረጅም ነበር። አልጋዬ ዋኝቶ ሄዷል።”

“ወዴት?”

“ወደ ጎርጎራ ይሆናላ! ተከትዬ አላየሁት።”

ከጉበኑ ላይ አሰመርሁ። ምን ላድርግ? ሕዝቡ ራሱ ነው የሚናገረው። የቆርቆሮው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ሄደና ሁለተኛው ቤት ስደርስ ባለቤቱ በርጩማ አውጥቶ ጠበቀኝ። “ከእትዬ አንጓች በስንዝር አስበልጥልኝ” አለኝ። ሦስተኛው መሰላል ተውሶ ነበር። አራተኛው ቤት ውስጥ ባልና ሚስት ተጣሉ፤ እሷ ውሃው ጣሪያውን አልፏል ስትል እሱ ደግሞ ጣሪያውን ካለፈ ማን ይቀባልናል ብሎ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ቀዩን መስመር ያመነ ሰው፣ የእኛ ሠፈር ሕዝብ ክረምቱን የሚያሳልፈው ጉርጥ ሆኖ ነው ብሎ በደመደመ ነበር።

አንድ ሰው ብቻ ተለየብኝ፤ መሪጌታ ጥበቡ። መሪጌታ በደሴቶቹ ካሉት ገዳማት በአንዱ ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጉልበታቸው ታንኳ መውጣትና መውረድ ሲያቅተው እኛ ሠፈር ውሃው አፍ ላይ ትንሽ ጎጆ ይዘው የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። ስጠይቃቸው ለምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቁኝም።

“ለተክለ ሃይማኖት ከደጄ ይደርሳል” አሉ። “ለሩፋኤል ይገባል፤ ለመስቀል ይወጣል። እንግዳ ነው እኮ፤ ሥርዓት አለው።”

“ሲገባ ምን ያህል ይሆናል?”

መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስነኩ። “ይህን ያህል።”

ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። “ትንሽ ከፍ ላድርግልዎ? ቆርቆሮ ሊሰጡ ነው እየተባለ ነው።”

“ለቆርቆሮ ብዬ በውሃ ላይ ልዋሽበት? እሱስ ሲመጣ ምን እለዋለሁ?” ከዚያ መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ ቀበሌው ቢሮ አመለከቱኝ። ቢሮው ከአንድ ባላባት የተወረሰ፣ ሐይቁን ፊት ለፊት የሚያይ ጥሩ ቤት ነው። “እዚያ ግን እስከ ወገብ ነው የሚገባው። ባላባቱ ክረምት ክረምት ቤቱን ለቆ ሲሄድ አየር ልለውጥ ነው ይል ነበር። ምን አየር ነው! ውሃው አስወጥቶት ነው።”

ይህን በልቤ ያዝሁት።

በማግሥቱ ገበያ ላይ ሌላ ወሬ ወጣ። ቀይ የተቀባ ቤት በሙሉ ይፈርሳል፣ ባለቤቱም ዓባይ ማዶ ይሰፍራል ተባለ። ዓባይ ማዶ ያኔ የዛሬው ዓባይ ማዶ አይደለም። ከድልድዩ ወዲያ ጥቂት ቤቶች አሉ፤ ከዚያ በኋላ ቁጥቋጦ ነው፣ ከቁጥቋጦው በኋላ ሣር የሚግጥ ጉማሬ ነው። ወሬው ጠዋት ተሰማ፤ እኔ ከፋብሪካ ስመለስ ሠፈሩ ውስጥ አንድ ቀይ መስመር አልነበረም። ከፊሉ በቢላዋ ተፍቋል፣ ከፊሉ ኖራ ተቀብቷል። እትዬ አንጓች ግድግዳቸውን አዲስ ጭቃ አስመርገውት ገና እጃቸውን እየታጠቡ ነው።

“እትዬ፣ መስመሩን ምን አደረጉት?”

“የምን መስመር?”

“የውሃው።”

“የምን ውሃ? እኔ ውሃ የማየው በእንስራ ነው።”

“አልጋዬ ዋኝቶ ጎርጎራ ሄዷል ብለውኝ አልነበረም?”

“አልጋዬማ ይኸው ከጓዳ አለ። ምነው፣ የባልቴት አልጋ ልታይ አማረህ? ለሚስትህ ልንገራት?”

በየደጁ እንዲሁ ሆነ። ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ጠብታ ያላየ ሠፈር ቢኖር የእኛ ነው። ከርቀት ሲያዩኝ እናቶች በር ይዘጋሉ፤ እጄ ላይ የደረቀው ቀይ ቀለም በሳሙና አልለቅ ብሎኝ ስለነበር፣ ሰላም ስላቸው የሚጨብጠኝ ጠፋ። ጽጌ ራሷ ማዕድ ላይ እጄን እያየች “እስኪለቅ ድረስ በማንኪያ ብላ” አለችኝ።

መጨረሻ ላይ ተስፋ ቆርጬ ወደ መሪጌታ ተመለስሁ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሳቸው በመቋሚያ፣ እኔ በሰማያዊ እርሳስ፣ ሐይቁን ዳር ዳር ይዘን ሠፈሩን ዞርነው። እዚህ ጋ በስተግራ ይታጠፋል፤ ከዚች ዋርካ በላይ አይወጣም፤ በዚህ በኩል ጎርፉ ከከተማው ይመጣና ከሐይቁ ጋር ይገናኛል እያሉ አንድ በአንድ ነገሩኝ። የሠፈሩ ታችኛው ግማሽ ሰማያዊ ሆነ። የእኛ ቤት ነጭ ላይ ቀረ። ቤታችን የቀበሌ ኪራይ ቤት ነው፤ ድንጋያማ ጉብታ ላይ የተሠራ ባለ ሁለት ክፍል።

“አንተ ጋ አይደርስም” አሉ መሪጌታ። “ያን ቤት የሠራው ሰው መጀመሪያ ሽማግሌ ጠይቆ ነው መሠረት የቆፈረው።”

ደስ አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገጥም ነገር ነድፌያለሁ ብዬ አሰብሁ። እሑድ ካርታውን ጠቅልዬ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ስብሰባ ሄድሁ፤ ከጓድ ጌጡ ወንበር ጀርባ ካለው ግድግዳ ላይም ለጠፍሁት። ጌጡ አንገቱን አስግጎ ብዙ ቆየ።

“ይህ ሰማያዊው ምንድን ነው?”

“ውሃ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር።”

“ሰማያዊው መኻል ያለው ትልቅ ቤትስ?”

“ይሄ ያለንበት ነው። ቢሮው።”

“ውሃው ቢሮው ውስጥ ምን ያደርጋል?”

“ክረምት ክረምት ይገባል።”

“በማን ፈቃድ?”

እኔ በመስኮቱ ወደ ሐይቁ አመለከትሁ።

ጌጡ ቆመ፤ መንፋት ጀመረ። የሰፊው ሕዝብ ጽሕፈት ቤት እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ነው ብለን ለበላይ አካል ልንጽፍ ነው? ይህ የአንድ ግለሰብ ካርታ ነው፤ ደብዳቤው ግን የሕዝብ ተሳትፎ ነው የሚለው፤ ስለዚህ ሕዝቡ አሁኑኑ፣ እዚሁ ይሳተፍ አለ። “ቢሮው ውስጥ ውሃ አይገባም የምትሉ!” የወጣው እጅ ብዛት! ላጲሴን አውጥቼ ቢሮውን አደረቅሁት።

“እትዬ አንጓች ቤት አይገባም የምትሉ!” አደረቅሁት። ቀጥሎ ያለው ተነሥቶ የእሱንም እንዲያዩለት ለመነ፤ እሱም ደረቀ። እገሌ ለእገሌ እጁን ያወጣል፣ እገሌም ብድሩን ይመልሳል። ላጲሴ ከሠፈሩ ቀድሞ አለቀ። ጽጌ ሹራቧን ሳታቆም ከዘንቢሏ ቁራሽ ዳቦ ወረወረችልኝና የቀረውን በዳቦ ፍርፋሪ አጠፋሁ።

መሪጌታ ቤት ሲደርስ ሽማግሌው ተነሡ። “የኔን ተዉት፤ የኔ ቤት ይገባል።”

“አይገባም፣ አባታችን” አለ ጌጡ በአክብሮት። “ሕዝቡ ይወድዎታል።”

“ይገባል እላችኋለሁ! እኔ አይደለሁ የምኖርበት?”

“በአብላጫ ድምፅ አይገባም።”

መሪጌታ ተመልሰው ተቀመጡ። “ውሃው እዚህ ስብሰባ ላይ አልተገኘም” አሉ። “መስማማቱን በምን አወቃችሁ?” የእሳቸውም ቤት በፍርፋሪ ደረቀ።

ከዚያ በኋላ ችግሩ ታየ። ካርታው ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አልቀረችም። ጌጡ ደብዳቤውን እንደገና አነበበ። “ውሃ የሚደርስባቸው ቦታዎች ነው የሚለው። አይደርስም ብለን ብንልክ ትእዛዝ አልተፈጸመም ማለት ነው። ቢያንስ አንድ ቦታ መድረስ አለበት።” የጽጌ የሹራብ መርፌ ብቻ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሁሉም ጫማውን ያያል።

እትዬ አንጓች እጃቸውን አወጡ። “ይህ ልጅ ጨዋ ልጅ ነው፤ አንዳች ክፋት የለበትም” አሉ እኔን እያዩ፤ እንዲህ ብሎ የሚጀምር ንግግር መጨረሻው እንደማያምር ያን ጊዜ አላወቅሁም ነበር። “ግን ስለ ውሃ ያጠናው እሱ ነው። ሌላው ሰው ውሃ ቢገባበት ይደነግጣል። እሱ ያውቀዋል። እሱ ቤት ይግባ።”

“የምትደግፉ!” አለ ጌጡ።

ሁሉም እጁን አወጣ። ከመሪጌታና ከጽጌ በስተቀር ሁሉም። እኔም አውጥቻለሁ። ምን ታደርጉታላችሁ? በዚያ ዘመን ስብሰባ የለመደ ሰው “የምትደግፉ” የሚለውን ሲሰማ ክንዱ ባለቤቱን ሳያማክር ነው የሚነሣው። ክንዴን አየት ያደረግሁት ከተነሣ በኋላ ነው። የሹራብ መርፌው ድምፅ ቆሟል። ወደ ጽጌ መዞር ፈራሁ።

መንገድ ላይ “እጄ ነው እኮ” አልኋት።

“ከዛሬ ጀምሮ እጅህን ኪስህ ውስጥ አስቀምጠው” አለችኝ።

ውሃ ወደ ጉብታ ስለማይወጣ ካርታውን መንደፉ ራሱ መከራ ነበር። ለጌጡ ብነግረው “አንተ ካርታው ላይ አውጣው” አለኝ። ከሐይቁ አንድ ቀጭን ሰማያዊ መስመር አነሣሁ፤ በእትዬ አንጓች ጓሮና በቢሮው አጥር መካከል ማንንም ሳይነካ አሾልኬ አሳለፍሁት፤ በመሪጌታ ደጅ አዙሬ ዳገቱን አስወጣሁትና በእኛ በር አስገባሁት። የአትክልት ማጠጫ ጎማ ይመስል ነበር። ጌጡ ማኅተም አሳረፈበት፤ ወደ በላይ ተላከ።

ነሐሴ አልቆ ጳጉሜን ገባ። ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከሐይቁም ከከተማውም ውሃው ተነሣና፣ መሪጌታ በመቋሚያቸው ባሳዩኝ መንገድ አንድም ሳያዛንፍ ገባ። እኛ መስኮት ላይ ቆመን እናያለን። መጀመሪያ እትዬ አንጓች ጋናቸውን እያንከባለሉ ዳገቱን ወጡ። ከዚያ ዶሮ የታቀፈ፣ ፍራሽ የተሸከመ፣ ልጅ ያዘለ። መሪጌታ ዳዊታቸውን በራሳቸው ላይ አድርገው መጡ። መጨረሻ ላይ ጓድ ጌጡ የቀበሌውን ማኅተም በጥርሱ ነክሶ፣ ወንበሩን ተሸክሞ፣ ሱሪው ከወገቡ በታች ተጣብቆበት ብቅ አለ።

ጽጌ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። “ግቡ እንጂ” አለች። “ብቻ ውሃው እኛ ቤት ነው ተብሎ ተወስኗልና እግራችሁን እንዳያርሰው ተጠንቀቁ።”

በሁለት ክፍል ውስጥ ሠፈር ሙሉ ሰው ሁለት ቀን ተቀመጥን። ጽጌ ሁሉንም አበላች፤ ማንንም አልወቀሰችም፤ ይህ ከወቀሳ የበለጠ አመማቸው። ጌጡ ሲጎርስ ቀና ብሎ አያያትም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ከበላይ አንድ ባለሥልጣን ብርድ ልብስ ይዞ መጣ። መኪናው ወደ ሠፈሩ መግባት ስላቃታት አስፋልቱ ላይ ትቷት፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ከኋላው የብርድ ልብሱን እስር የተሸከሙ ሁለት ሰዎች አስከትሎ በውሃው መካከል ተንቦጫርቆ መጣ። እትዬ አንጓች ያን ሰዓት የቀረች ዕቃቸውን ሊፈልጉ ወርደው ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል።

“እማማ፣ ውሃ የገባበት ቤት የቱ ነው?” አለ ባለሥልጣኑ፤ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ነው።

እትዬ አንጓች ማኅተም ያለበትን ነገር መቃወም ፈሩ። “ዳገቱን ይውጡ፤ እዚያ ላይ ነው።”

“እዚህስ?”

“እዚህ ደረቅ ነው። ተወስኗል።”

ባለሥልጣኑ እኛ ደጅ ደርሶ ጫማውን አውልቆ አንጠፈጠፈ። ደጃችን ላይ ያለው ድንጋይ የደረቀ ነው። “ጓድ፣ ውሃው የታለ?” አለኝ።

“ታች ነው። እርስዎ ያለፉበት ነው።”

ከቦርሳው ያንን ካርታ አወጣ። የገዛ እጄን ሥራ ወዲያው አወቅሁት። “ካርታው ላይ ግን እዚህ ነው። ማኅተም አለው። እኔ የተላክኩት በካርታው ነው፤ ብርድ ልብሱን ተረከብና ፈርም።” ክንዴ እንደልማዱ ተነሣና ፈረመ። የሠፈሩ ብርድ ልብስ በሙሉ የአንድ ደረቅ ቤት ሆነ።

ሰውየው ከመሄዱ ጫጫታው ተነሣ። ሰኔ ላይ ጠብታ ያላየው ሠፈር አሁን በአንድ ጊዜ መስጠም ጀመረ። አንዱ እስከ ደረቴ ነው ይላል፤ ሌላው እስከ አንገቴ ይላል። የእትዬ አንጓች ውሃ ተመልሶ ጉበኑ ላይ ወጣ። ጌጡ ጠጋ ብሎ በጆሮዬ፣ “ወንድሜ፣ ቢሮው ውስጥም ትንሽ ገብቶ ነበር ብለህ አስበልኝ” አለኝ። ከተመረጠ ጀምሮ ወንድሜ ብሎኝ አያውቅም።

“በውሃው ልክ ይከፈላል” አለች ጽጌ። “ብዙ የገባበት ብዙ፣ ትንሽ የገባበት ትንሽ።”

“ልኩን ማን ያውቃል?” አለ አንዱ።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። “ውሃው እኮ አልሄደም። እንውረድና እያንዳንዳችን ከየደጃችን እንቁም። እስከ የት እንደሚደርስ እሱ ይናገር።”

ወረድን። እንዲህ ያለ ነገር አይታችሁ አታውቁም። ሠፈሩ በሙሉ፣ ሰው ሁሉ በየበሩ፣ ቡናማ ውሃ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንዳንዱ ሊንበረከክ ቢሞክር ጎረቤቱ “ተነሥ! አይተንሃል!” ይለዋል። እኔ ወረቀትና ሰማያዊ እርሳስ ይዤ በመካከላቸው እየተንቦጫረቅሁ እጽፋለሁ። “እኔ ጋ ቁርጭምጭሚት!” “እኔ ጋ ጉልበት፤ ከጉልበትም ትንሽ ፈቅ!” እትዬ አንጓች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ብዙ ካመነቱ በኋላ “ባት” አሉ በቀጭን ድምፅ። መሪጌታ እንዳሉት ጉልበት ሆኑ። ጓድ ጌጡ ከቢሮው ደጅ እስከ ወገቡ ሰጥሞ ቆሟል። ስደርስ አጠገቤ ማንም አለመኖሩን አይቶ “እስከ ወገብ ብለህ ጻፍ” አለኝ። ጻፍሁ። በሐዘኔታም “ይበርድዎታል?” አልሁት። “በጣም” አለ።

በየደጁ እንደቆምን ሌላ ነገር ተገለጠ። ከታች ያለው ሰው ወደ ላይ፣ ከላይ ያለው ወደ ታች እየጮኸ ሲነጋገር፣ ውሃው ሁሉ የሚጠራቀመው ቀበሌው መፈክር ሊጽፍበት ሐይቁ ዳር ካሠራው ግንብ ጀርባ መሆኑን ሁሉም በአንድ ጊዜ አየ። “እዚያ እኮ ድሮ ቦይ ነበር!” አሉ እትዬ አንጓች። “ግንቡን ስትሠሩ ደፈናችሁት። ነግሬያችሁ ነበር።” ጌጡ ግንቡን አየ፤ ውሃውን አየ፤ ወገቡን አየ። “ዶማ አምጡ” አለ። መጀመሪያ የመታው ራሱ ነው። ግንቡ በተከፈተ ጊዜ ውሃው እየተጉረመረመ ወደ ሐይቁ ወጣ፤ ሕዝቡም ማንም ሳያዝዘው አጨበጨበ።

ብርድ ልብሱን ጽጌ አዲሱን ካርታ ይዛ አከፋፈለች። ቅር ያለው አልነበረም። ጌጡም ወገቡን ያህል ደረሰው። ለእኛ፣ ቤታችን ደረቅ ስለሆነ፣ አልደረሰንም።

አዲሱ ካርታ ግን አልተላከም። ጌጡን ለመንሁት። “ሁለት ካርታ ከላክን አንዱ ውሸት ነበር ማለት ነው” አለኝ፤ “ማኅተሙ ደግሞ አንድ ነው።” በእውነት አዝኗል፤ ፊቱ ላይ ይታያል። ኅዳር ላይ ደብዳቤ መጣ። በካርታው መሠረት ውሃ የሚደርስበት አንድ አባወራ ለደኅንነቱ ወደ ዓባይ ማዶ ይዛወር ይላል።

ዕቃችንን የምንጭንበት ዕለት ሠፈሩ በሙሉ መጥቶ ተሸከመልን። እትዬ አንጓች አለቀሱ፤ አንድ እንስራ ጠላም ሰጡን። መሪጌታ መረቁን። ጌጡ ቁልፉን ሲቀበለኝ እያፈረ ነገረን፤ ለካ ቢሮው ክረምት ክረምት ስለማያስቀምጥ ቀበሌው ወደ እኛ ቤት እንዲዛወር ተወስኗል። ከሠፈሩ ሁሉ ደረቁ ቤት ይሄ ነው አለ።

ገብቶ ክፍሎቹን ዞረ። ወንበሩን አስመጣ፤ ጠረጴዛውን አስመጣ፤ ወዲህ ወዲያ አስገፋና መጨረሻ ላይ ማዕዘኑ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠው። የቤታችን ጣሪያ በደህና ቀን ደህና ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ግን የሚያፈሰው በዚያች ማዕዘን ነው። እኔና ጽጌ በየክረምቱ እዚያ ባልዲ ነበር የምናስቀምጠው። ልናገር አፌን ስከፍት ጽጌ እግሬን ረገጠችኝ።

“ከጠየቀ ንገረው” አለች በሹክሹክታ።

ጋሪው ተጭኖ ነበር። ትንሽ ቆመን ጠበቅን። ጌጡ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ በመስኮቱ ሐይቁን አየ፤ በጣም ደስ ያለው ይመስል ነበር።

አልጠየቀም።